ለሩቅ አደን የሌዘር ርቀት መለኪያ ሲመረጥ ምን ምን ይታያል?

ልጆቻችን ከሠራዊት ለዕረፍት ሲመጡ በዕብራይስጥ «ማድ ትቫኽ» ሲሉ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በአማርኛ ርቀት መለኪያ ማለት ነው። ከሠራዊቱ ውጭ ይህን መሣሪያ አዘውትረው ከሚይዙት መካከል አዳኞች ይገኙበታል። በተለይ በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች፣ በኮሎራዶ፣ በዋዮሚንግና በሞንታና፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ያለ እሱ አይወጡም። እዚህ እስራኤል ውስጥ የ1955 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አደንን በፈቃድ ብቻ ስለሚያስኬድ ነገሩ ብዙም አይታወቅም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለ ዕቃው ቢያማክሯችሁ ግን የሚከተለው ይጠቅማችኋል።

ለምን ያስፈልጋል?

ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ መሬት እየወረደ ይሄዳል። በአሜሪካ አዳኞች ዘንድ በጣም የታወቀውን 30-06 ጠመንጃ እንውሰድ። 11.7 ግራም ጥይት ጎርሶ በ200 ሜትር ላይ ልክ እንዲመታ ቢስተካከል፣ በ300 ሜትር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በ400 ሜትር ወደ 75 ሴንቲ ሜትር፣ በ450 ሜትር ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሩቅ በሄደ ቁጥር አወራረዱ ይፈጥናል ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው 450 ሜትሩን በዓይኑ 400 ነው ብሎ ቢገምት፣ ጥይቱ ካሰበው ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የአንድ መካከለኛ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የ50 ሜትር ስሕተት እንስሳውን እግሩን ሰብሮ ወይም ሆዱን ቀዶ ጫካ ያስገባዋል። እዚያም ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲሠቃይ ይቆያል። የመሣሪያው ዋና ጥቅም ይህን ማስቀረት ነው።

እንዴት ይሠራል?

ሌዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1960 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን የሠራውም ቴዎዶር ማይማን ነው። የርቀት መለኪያው ቁልፍ ሲጫን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ለቅጽበት ይተኮሳል። ብርሃኑ ዒላማው ላይ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራል። ገደል ማሚቶን አስቡ። ድምፃችን ዘግይቶ ከተመለሰ ገደሉ ሩቅ ነው እንላለን። ልዩነቱ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መጓዙ ነው፤ 400 ሜትር ሄዶ ለመመለስ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ሦስት እጅ እንኳ አይፈጅበትም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚያንጸባርቅ ነገርን፣ ለምሳሌ የመንገድ ምልክትን፣ ለመለካት የሚደርስበት ርቀት ነው። የአጋዘን ጠጉር ግን ብርሃኑን በአብዛኛው ይውጠዋል። ቮርቴክስ ሬንጀር 1800 የሚባለውን ብናይ፣ ስሙ ላይ ያለው 1,800 ያርድ ለሚያንጸባርቅ ነገር ነው፤ ለአጋዘን የተሰጠው 900 ያርድ ነው። ልክ ግማሹ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን «ለአጋዘን ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን በጠራራ ፀሐይና እጅ ሲንቀጠቀጥ ይቀንሳል።

ሜትር ወይስ ያርድ?

አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 400 ያርድ 366 ሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው በያርድ እየለካ ሰውየው በሜትር ቢያነበው 34 ሜትር ተሳሳተ ማለት ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በሁለቱም ስለሚለኩ፣ ከጠመንጃው ሰንጠረዥ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ከቤት ሳይወጡ ማረጋገጥ ነው።

የጨረሩ ስፋት

ጨረሩ እንደ ክር ቀጥኖ አይሄድም፤ እንደ ባትሪ መብራት እየሰፋ ይሄዳል። የስፋቱ መለኪያ ሚሊራዲያን ይባላል። አንድ ሚሊራዲያን በ1,000 ሜትር ላይ 1 ሜትር ስፋት ነው። ጨረሩ 1.5 ሚሊራዲያን ከሆነ በ500 ሜትር ላይ 75 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከአጋዘኑ አልፎ ኋላ ያለውን ተረተር ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ለሩቅ አደን የጠበበ ጨረር ይመረጣል። ከዚህ ጋር «የቅርቡን ለካ» እና «የሩቁን ለካ» የሚሉ ምርጫዎች ያሉት መሆኑን ማየት ይገባል። ከፊት ሣርና ቅርንጫፍ ካለ የሩቁን፣ እንስሳው ከተራራ ፊት ለፊት ከቆመ የቅርቡን መምረጥ ይሻላል።

ቁልቁለትና ዳገት

መሰላል ግድግዳ ላይ ብናስደግፍ፣ የመሰላሉ ርዝመትና ከግድግዳው እስከ መሰላሉ እግር ያለው ርቀት አንድ አይደሉም። መሬት ላይ ያለው ያጥራል። ጥይትም እንዲሁ ነው። የሚወርደው በአግድሙ ርቀት ልክ ነው ብሎ መያዝ ለአዳኝ ይበቃል። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት መሣሪያው 400 ሜትር ቢያሳይ፣ ለአተኳኮስ የሚቆጠረው 346 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያላሰበ ከእንስሳው በላይ ይተኩሳል። ስለዚህ ለተራራ አደን ተዳፋቱን ራሱ የሚያሰላ መሣሪያ ይገዛል።

በእጅ የሚያዝ ወይስ ጠመንጃው ላይ ያለ?

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ሁለተኛው በመነጽር ውስጥ የተሠራ፣ ሦስተኛው ከጠመንጃው ማነጣጠሪያ ጋር የተዋሐደ ነው። ሦስተኛው አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። ርቀት ለመለካት አፈሙዙን ወደሚታየው ነገር ማዞር ግድ ይላል፤ ያ ነገር ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ጠመንጃ ላይ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክስ ይከለክላሉ። በእጅ የሚያዘው ርካሽና ቀላል ነው። መነጽሩ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ እንስሳ ፈልጎ ወዲያው ለመለካት ይመቻል።

ለዓይን፣ ለብርድና ለጉም

እንስሳት በብዛት የሚወጡት ንጋትና ምሽት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጥቁር ጽሑፍ በጨለማ ውስጥ አይነበብም። ቀይ ጽሑፍ ያለውና ድምቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል ይሻላል፤ ዓይኑ ለደከመ ሰውማ የግድ ነው። ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ መለዋወጫ ባትሪ በደረት ኪስ ይያዛል።

ጉም፣ ዝናብና በረዶ ጨረሩን ይመልሱታል። በአገራችን በአርሲና በባሌ ተራሮች፣ የውጭ አገር አዳኞች ከፍ ያለ ገንዘብ ከፍለው በፈቃድ ደጋ አጋዘን ያድናሉ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በአስታው መካከል ጉም ሲወርድ ውዱ መሣሪያ ሳይቀር ጉሙን ለክቶ የውሸት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ዋልያን ግን በሌዘርም ያለ ሌዘርም ማደን ክልክል ነው።

መሣሪያው የማይናገረው

ርቀት መለኪያ ነፋስን አይለካም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያንን የ30-06 ጥይት በ400 ሜትር ላይ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። ደግሞም ጥይቱ እዚያ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ እንስሳው በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላል። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብም እንስሳው ሊሸሽ የሚችልበትን ዕድል የሚነፍግ አደን አደን አይደለም የሚል አቋም አለው።

ስለዚህ አዳኙ ሌላ ቁጥርም ሊያውቅ ይገባል፤ እሱም በልምምድ ሜዳ ያለማቋረጥ መምታት የሚችልበት ርቀት ነው። ያ 250 ሜትር ከሆነ፣ መሣሪያው 420 ባሳየ ጊዜ ትርጉሙ «ቅረብ፣ ካልተቻለም ተወው» ማለት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ አዲሱን መሣሪያ ከአደኑ ሳምንታት አስቀድሞ በሜትር በተለካ ቦታ ላይ ደጋግሞ መሞከር ይገባል። በተለይ ከፀሐይ መግቢያ በፊት፣ እንደ አጋዘን ጠጉር የጠቆረና የማያንጸባርቅ ነገር ላይ ይሞከር። እዚያ ያልሠራ ዕቃ ደረሰኙ ሳይጠፋ ወደ ሱቁ ይመለስ።