አንድ ማሽን ለስንት ሰው?

እ.ኤ.አ. በጥር 1980 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር «ፓዲስ» የተባለ የመረጃ ማዕከል ተቋቋመ። ቦታው ካዛንቺስ ጥግ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በምንለው ውስጥ ነው። ግቢውን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአፍሪካ አዳራሽ፣ በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልና በ1963 እዚያ በተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው። እዚያው ግቢ በትልቅ ኮምፒውተርና በጠረጴዛ ኮምፒውተር መካከል የተካሄደው ፉክክር ግን ብዙም አይነሳም። ይኸው ፉክክር ዛሬም ያገለገለ ሰርቨር ልግዛ ወይስ አዲስ ዴስክቶፕ በሚል ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

የፓዲስ ሥራ ሲወራ ቀላል ነው፤ ስለ አፍሪካ ልማት የተጻፉ ሰነዶችን መዝግቦ ፈላጊ ሲመጣ ማግኘት። በወረቀት ካርድ ከሆነ ግን ሰነዱ በሺህ ሲቆጠር ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ የተመረጠው ሚኒሲስ የተባለው የካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ሶፍትዌር ሲሆን የሚሠራውም በሂውሌት ፓካርድ 3000 ላይ ነበር። ይህ ማሽን የራሱን ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል፤ ተጠቃሚው ማሽኑን ሳይነካ በተርሚናል ብቻ ያነጋግረዋል።

የዚህ ማሽን ታሪክ የሚጀምረው በውርደት ነው። በ1972 ሲወጣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል ተብሎ ነበር፤ ጥቂት ሰዎች አብረው ሲጠቀሙበት ግን ተንፏቀቀ። ኩባንያው ከገበያ አንስቶ፣ አሻሽሎ እንደገና አወጣው። የተፈተነውም ያ ነው፦ ለአንድ ሰው ምን ያህል ይፈጥናል ሳይሆን፣ ስንት ተርሚናል ተቀጥሎበት ማንም ሳያማርር ይውላል? የሰርቨር ፕሮሰሰር ዛሬም የሚመዘነው በዚሁ ነው።

የጠረጴዛው ኮምፒውተር ግን እየደረሰ ነበር። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሠራው። አራት ዓመት ቆይቶ የመጣው ኢንቴል 386 ግን 275,000 ትራንዚስተር ያለው፣ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ነው። የያኔዎቹ የሂውሌት ፓካርድ 3000 ማሽኖች ገና ባለ 16 ቢት ነበሩ። በወረቀት ላይ ጠረጴዛው ክፍሉን በለጠ። በዚያው በ1985 መጨረሻ ዩኔስኮ ሲዲኤስ/አይሲስ የተባለውን የሰነድ መመዝገቢያውን በፒሲ እንዲሠራ አድርጎ አወጣ። ቀዝቃዛ ክፍልና ኦፕሬተር ይጠይቅ የነበረውን ሥራ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻውን መሥራት ቻለ። ትልቁ ማሽን በእጁ የቀረው ብዙ ሰው አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ መክፈት መቻሉ ነው። እሱም ቀላል አልነበረም፤ መረጃው በየጠረጴዛው ሲበተን የማንኛው ጠረጴዛ መዝገብ ትክክል እንደሆነ ማወቅ ራሱ ሥራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ይገርመኛል። ከ1987 ጀምሮ ናንሲ ሃፍኪን በመራችው ፓዲስ ውስጥ ሊሻን አዳምና ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መላክ ጀመሩ። ለዚህ የተጠቀሙት ፊዶኔትን ነው። ይህን አሠራር ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ በ1984 ፈጥሮታል፤ የሚፈልገውም አንድ ተራ ፒሲ፣ አንድ ሞደምና የስልክ መስመር ብቻ ነው። የቀኑ ደብዳቤ ተሰብስቦ፣ ተጨምቆ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ የአዲስ አበባው ኮምፒውተር ለንደን ካለው ግሪንኔት ከተባለ የኮምፒውተር መረብ ጋር በስልክ ይገናኛል፤ ደብዳቤ ይለዋወጡና ወዲያው ይዘጋሉ።

እስቲ እናስላው። በሰከንድ 2400 ቢት የሚልክ ሞደም 240 ያህል ፊደል ያሳልፋል፤ 2,000 ፊደል ያለው አንድ ገጽ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ፋክስ ለአንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር፤ የውጭ ስልክ ደግሞ በደቂቃ ነው የሚከፈለው። ፕሮሰሰሩ 8088 ሆነ 386 ለዚህ ሥራ ለውጥ የለውም፤ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈትቶ ሞደሙን ይጠብቃል። ትልቁ ማሽን ቢመጣም ከስልኩ ሽቦ አይፈጥንም። ከ1993 ጀምሮ በዚያው በካናዳው ማዕከል ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት ይህ አሠራር ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሄደ፤ በሃፍኪን የተመራው ሥራ ከ10 በሚበልጡ አገሮች ኢሜይል እንዲጀመር ረድቷል። ሃፍኪን በ2012 በኢንተርኔት የዝና መዝገብ ስሟ ሰፈረ። ኢትዮጵያ ራሷ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1997 መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን። በ2024 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቢሮውን ጠቅልሎ የተዛወረ ሁሉ የኮምፒውተር ዕቃውንም ሳይገምት አልቀረም። በዓለም ገበያ ደግሞ ከትልልቅ የመረጃ ማዕከላት የተነሱ የኢንቴል ዚኦን ፕሮሰሰሮች ሞልተዋል። አንዱን እንውሰድ፦ ዚኦን ኢ5-2680 ቪ4 በ2016 ሲወጣ ዋጋው 1,745 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ያገለገለው በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። 14 ኮር አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 2.4፣ ጣሪያው 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ተፎካካሪው በ2022 የወጣው ኮር አይ5-12400 ይሁን፤ 6 ኮር፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ።

ሁሉም ኮሮች አብረው ሲሠሩ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። አንድ ኮር ከአንድ ኮር ሲወዳደር ግን አዲሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱ ጊጋኸርዙ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ኮር በአንዲት ምት የሚጨርሰው ትእዛዝ ይበዛል። ስለዚህ ፒችትሪ ከፍቶ ሒሳብ ለሚዘጋ ሰው የ14ቱ ኮር ጥቅም እምብዛም ነው፤ አንድ ምጣድ ላይ አሥራ አራት ጋጋሪ ቢሰለፍ እንጀራው ቀድሞ አይበስልም። የሕንፃ ንድፍ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ለሚያደርግ ቢሮ ወይም በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰርቨር ለሚከፍል ባለሙያ ግን አሮጌው የሚናቅ አይደለም። በሚሞሪ ውስጥ የተሳሳተች አንዲት ቢት የሚያርም ራም ይቀበላል፤ የሚሸከመው የራም መጠንም ዴስክቶፑ የማያልመው ነው።

በመብራት ፍጆታ ሻጮች የሚጠቅሱት የዚኦኑን 120 ዋትና የአይ5ን 65 ዋት ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ አይ5 ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 117 ዋት ይደርሳል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑን በአብዛኛው ሥራ ፈት ነው። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስነው ይኸው ነው። ዚኦኑ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ስክሪን ለማብራት ብቻ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ካርድ ይገዛለታል፤ የዋጋው ርካሽነት እዚህ ላይ ትንሽ ይሸረሸራል።

ለተራ ቢሮ የምመክረው አዲሱን ነው፤ ያገለገለ ሰርቨር የሚያዋጣው ኮሮቹን በእርግጥ ሥራ የሚያስይዛቸው ሰው ሲገዛው ነው። የሚገዛው ሰው ደግሞ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ብቁ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ይህ ዚኦን የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ሊኑክስ ግን ያለ ችግር ይነሳበታል።