የአቡጀዲው ሲኒማና የሸክላው ዘፈን

የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አዘጋጆች «ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍ» ባሉኝ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንደሚጽፉ ዐውቄ ነበርና፥ እኔ ስለ ዘፈንና ስለ ሲኒማ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። አንዳንድ አንባቢ «ይህ ደግሞ ታሪክ ነውን?» ይል ይሆናል። አባቶቻችን ማታ ማታ የት ይሰበሰቡ እንደ ነበር፥ ምን አይተው እንደ ሳቁ፥ ምን ሰምተው እንደ ተከዙ ያላወቀ ሰው ግን ስለ ዘመናቸው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ይመስለኛል።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፥ እኔ ባደግሁበት ዘመን፥ ለሲኒማ ተብሎ የተሠራ ቤት አላየሁም። ሲኒማው ግን መጥቶ ያውቃል። አያቴ እንደሚነግሩኝ፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ልጅ ሳሉ፥ አንድ መኪና ወደ ቡሬ ገበያ ይመጣና ፀሓይ ስትጠልቅ ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት መካከል ይወጠራል፤ ሞተሩም እየተንደቀደቀ ሥዕሉ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ ከፊት ቦታ ያጡት ከአቡጀዲው በስተ ኋላ ይቀመጡ ነበር። አያቴም ከኋለኞቹ ነበሩና፥ ያዩት ሰው ሁሉ በግራ እጁ የሚያርስ፥ በግራ እጁም የሚጎርስ ነበር። «ፈረንጅ ሁሉ ግራኝ ነው» ብለው ለብዙ ዓመት አምነው መቈየታቸውን ዛሬም እየሳቁ ያወራሉ።

በአዲስ አበባ ነገሩ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ ለሕዝብ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ቤት ሰዉ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ሰይጣኑ ግን ብዙም ሳይቈይ ተለመደ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረው ሳይፈጽሙት የቀሩት ትልቅ ሕንጻም፥ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተጠናቅቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው እርሱ ነው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ። በፒያሳ ዙሪያ ሲኒማ መግባት ጫማ አስጠርጎ፥ ከረባት አሥሮ የሚኬድበት ጉዳይ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ይመሰክራሉ። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፥ አያሌ ሰዎች ያዘኑት ለግንቡ ብቻ አልነበረም።

የዘፈኑን ነገር ስንመለከት ደግሞ፥ ከሲኒማው ይልቅ ለእኛ ለጎጃሞች ይቀርባል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ፥ ሸክላና ግራሞፎን በመኳንንቱ ቤት ይታወቁ ጀመር። በገጠሩ ግን ሸክላውም ግራሞፎኑም አዝማሪ ነበር። አዝማሪ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር ሠርግ ያሟሙቃል፥ ሹም ይነካል፥ ንፉግ ያሳፍራል፤ ደመወዙም ከሚያዳምጠው ሰው ኪስ ይወጣል እንጂ ከመሥሪያ ቤት አይቈረጥለትም። በዘመናችን «ነጻ ሙዚቃ» እየተባለ በውጭ አገር ብዙ የሚወራለት ነገር፥ የአዝማሪ ልጅ ቢሰማው የሚደነቅበት አይመስለኝም።

በከተማው ሁኔታው የተለየ ነበር። ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመኖች የማርሽ ባንድ መሠረቱ፤ ከነጻነት በኋላም የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስ ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራዎች ታላላቆቹን ዘፋኞች አፈሩ። ዘፋኙ ወታደር ነበር፤ ሳክስፎኑም የመንግሥት ንብረት ነበር። ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ደግሞ በሕግ የተሰጠው በ1927 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር።

ይህን የጣሱት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ የሸክላ ነጋዴ፥ አቶ አምኃ እሸቴ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሳቸው ገንዘብ አስቀርጸው፥ ወደ ውጭ አገር ልከው አሳትመው ለሽያጭ አወጡ። ሕጉ አልተሻረም ነበር፤ ሰውዬውም ሕጉን ያውቁ ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር የሚያስገርመኝ፥ አንድ ነጋዴ ሊያስከስሰው የሚችለውን ነገር ለዘፈን ሲል መድፈሩ ነው። እርግጥ ትርፍም ይፈልጉ ነበር፤ ነጋዴ ናቸውና አልነቅፋቸውም። ሥራቸው ሳይቋረጥ እስከ 1967 ዓ.ም. ቀጥሎ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አሳተሙ። እርሳቸውን አይቶም አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ የራሳቸውን የሸክላ ሥራ አቋቋሙ። ደርግ ከመጣና የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ካጠፋው በኋላ አቶ አምኃ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን አሮጌ ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ማሳተም በጀመረ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሰማቸው። አቶ አምኃም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔ አብልጬ የምወደው የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ነው። ምክንያቱም ጌታቸው በሳክስፎን የነፋው ሽለላና ፉከራ ነው፤ ሽለላና ፉከራ ደግሞ በእኛ አገር ሠርግ ላይ ዛሬም ጎራዴ የሚያስመዝዝ ነገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ኖታ ማንበብና ኦርጋን መምታት ተምሬ ነበርና፥ አንድ ቀን የጌታቸውን ሽለላ በኖታ ልጽፈው ሞከርሁ። አምስቱ ድምፆች ተገኙልኝ፤ በድምፆቹ መካከል የሚያጓራው፥ የሚቃትተውና የሚሳደበው ነገር ግን በኦርጋኑ ጥቁርና ነጭ መካከል አልፎ ጠፋብኝ። አንድ የገጠር አዝማሪ ያንኑ ለማሲንቆው ብነግረው ሳይቸገር አገኘው። ጌታቸው ካረጁ በኋላ «ዘ ኤክስ» ከተባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ተባብረው በ1998 ዓ.ም. «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን ሸክላ አወጡ። እነዚያ ሆላንዶች ከትልቅ ኩባንያ ተለይተው ሸክላቸውን ራሳቸው የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። የጎጃም ሠርግ ፉከራ በአምስተርዳም አዳራሽ ሲያስጨበጭብ ቢያዩ አያቴ ምን ይሉ ይሆን? ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ዐረፉ።

ወደ አገራችን ስመለስ፥ ሸክላ ከካሴት ጋር መወዳደር አልቻለም። ካሴት በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ይመጣል፥ ይገለበጣል፥ ርካሽም ነው። በደርግ ዘመን የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን የጎጃምን ዘፈን በመድረክ ሲያሰማ፥ አጎቴ ካሴት መሰብሰብ ጀመሩ። አባቴ ደግሞ የቪዲዮ ቤት ሰው ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም መነኸሪያ አጠገብ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ አንድ ቤት ነበር፤ በውስጡ አንድ ቴሌቪዥን፥ አንድ ዴክና አግዳሚ ወንበሮች፥ በበሩ ላይ ደግሞ የፊልሙ ስም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ነበረ። የሕንድ ፊልም ሲታይ አንድ ልጅ ቆሞ እያስተረጐመ ይናገራል። ልጁ ሕንድኛ አንድ ቃል አያውቅም ነበር፤ ይሁን እንጂ እርሱ በሌለበት ቀን ሰው ፊልሙ አልገባኝም እያለ ይወጣ እንደ ነበር አባቴ ነግረውኛል። ዲሽና የእጅ ስልክ ሲመጡ ሰው በየቤቱ ቀረ፤ ቪዲዮ ቤቱም ተዘጋ። ለብቻ ማየት ይመቻል፤ እኔም በስልኬ አያለሁ፤ ነገር ግን ብቻውን ተቀምጦ ጮኾ የሚስቅ ሰው እምብዛም አላየሁም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ጦርነቱ በርትቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፥ በስልካችን ስናዳምጠው የነበረው ሁሉ ባንድ ቀን ጠፋ። ወራቱም ረጅም ነበር። በዚያ ጊዜ አጎቴ ከአልጋ ሥር አንድ ሣጥን አወጡና አሮጌውን ቴፕ በባትሪ ድንጋይ አስነሡት። ጎረቤት ማታ ማታ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር፤ ድምፁን ዝቅ አድርገን፥ በሩን ዘግተን እናዳምጥ ነበር። ክሩ የተበጠሰውን በጥፍር ቀለም ስናጣብቅ፥ የዘፈኑ አንድ ስንኝ ጎድሎ ይቀራል፤ የጎደለውንም ሴት አያቴ በቃላቸው ይሞሉታል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሣጥኑን ከፍቼ ቈጠርኋቸው፤ 41 ካሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም 9ኙ አይሰሙም። ቪዲዮ ቤቱንም ሄጄ አየሁት። ዛሬ የበቆሎ መጋዘን ነው፤ ባለቤቱ «ምን ፈልገህ ነው፥ ልጄ?» ብለው አስገቡኝ። ከጆንያዎቹ በላይ፥ ቴሌቪዥኑ ይቀመጥበት የነበረው መደርደሪያ ገና በግድግዳው ላይ አለ፤ ከበሩም ጀርባ በጠመኔ የተጻፈ ግማሽ ቃል ይነበባል። አባቴ የማን እጅ ጽሑፍ እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቁት።