ፊሽካው ሳይነፋ የወጡት

የኳስ ተመልካች ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ከመቀመጫው ንቅንቅ የማይል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሰዓቱን አየት፣ ኮቱን ቆለፍ አድርጎ፣ በተቀመጠው ሕዝብ ጉልበት መካከል እየተሽሎከሎከ ወደ በሩ የሚያመራው ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው በየትም አገር ስታዲየም የተወደደ አይደለም። «ኧረ ዝቅ በል፣ ጋረድከን!» ይባላል። ቡድኑ እየተሸነፈ ከሆነማ «ድሮስ የድል አጥቢያ ደጋፊ!» የሚል ይከተለዋል።

እኔ እስከ ፊሽካው ከሚቀመጡት ወገን ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥብቅና የምቆመው ለዚያኛው ወገን ነው። ለምን ቢሉ፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ቀድሞ ወጪው ከስላቅ የከፋ ነገር ተለጥፎበታል። የሰው ሕይወት አጥፍቷል ተብሎ ተከሷል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አገር።

አስቀድሜ የስላቁን ምክንያት ላንሣ። ኳስ መጨረሻዋ አይታወቅም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲካሄድ፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ 2 ለ 1 ትመራ ነበር። በዚያች ሰዓት ተስፋ ቆርጦ የወጣ ሰው ካለ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠራትን የአቻነት ጎል አላየም። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ያገቧቸውንም አላየም። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል አላየም። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ያገኘችው በዚያ ዓመት ብቻ ነውና፣ የቀረበት ነገር እስከ ዛሬ ምትክ አልተገኘለትም።

ደግሞም ቀድሞ መነሣት የተራ ተመልካች ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ላይ ባየር ሙኒክ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ሲመራና መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌናርት ዮሐንሰን ዋንጫውን ለመስጠት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ታች ወረዱ። ወደ ሜዳው ብቅ ሲሉ ያዩትን ማመን አቃታቸው፤ አሸናፊ ያሏቸው ሲያለቅሱ፣ ተሸናፊ ያሏቸው ሲጨፍሩ አገኟቸው። በባከነው ሰዓት ሼሪንግሃምና ሶልሻየር አንዳንድ ጎል አግብተው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሥራ ላይ ነበሩና ማንም «የድል አጥቢያ» አላላቸውም።

ተራው ሰውም ቢሆን የሚነሣው ቡድኑን ስለናቀ አይደለም። የመጨረሻው አውቶቡስ አለ፤ የሌሊት ሥራ የሚገባ አለ፤ ልጅ ይዞ የመጣ አባት አለ። ከሁሉም በላይ ግን ግፊያ አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቆይቼ ስወጣ፣ አንዱ ክንፉ ብቻ በተከፈተ የብረት በር ላይ ተጨንቄ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ጥቂት እርምጃ ተወስጃለሁ። ደረቴ ለትንፋሽ ቦታ አጥቶ የቆየው ምናልባት ለግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥር ደቂቃ ቀድሞ በሚነሣ ሰው ላይ አልሳቅሁም።

በብሪታንያማ ይህ ነገር የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው የስታዲየሙ በሮች ለወጪዎች ይከፈቱ ነበር። በዚያው በር የመግቢያ ገንዘብ ያጡ ሕፃናትና ሥራ ፈቶች በነፃ ገብተው የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ያዩ ነበር። የአንዱ መውጣት ለሌላው መግቢያ ሆነ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በሩ አስቀድሞ የሚከፈተው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ነው። ቀድሞ ወጪው፣ ሳያውቀው፣ ለቀሪው ሕዝብ መንገድ ያቀልል ነበር።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ። የመጀመሪያው ቦታ ስኮትላንድ፣ ግላስጎ ከተማ፣ የሬንጀርስ ቡድን ስታዲየም አይብሮክስ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ሬንጀርስና ባላንጣው ሴልቲክ ወደ 80 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት ተጋጠሙ። ያለ ጎል ያልቃል የተባለው ጨዋታ በ89ኛው ደቂቃ ነፍስ ዘራ፤ የሴልቲኩ ጂሚ ጆንስተን አገባ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሰዓቱ ሊያበቃ ሲል፣ የሬንጀርሱ ኮሊን ስታይን አቻ አደረገ። ከዚያ በኋላ «13ኛ ደረጃ» በሚባለው መውጫ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። 66 ሰዎች ሞቱ።

ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከተማውን ዞረ። «የሬንጀርስ ደጋፊዎች በሴልቲክ ጎል ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ የስታይንን ጎል ጩኸት ሰምተው ተመለሱ፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ወደ ታች ከሚወርደው ጋር ተጋጨ» ተባለ። ታሪኩ ሁሉም ነገር ተሟልቶለታል፤ ተስፋ መቁረጥ አለ፣ ጸጸት አለ፣ ቅጣት አለ። ስለዚህ ታመነ።

ነገር ግን እውነት አልነበረም። በዚያው ዓመት የተካሄደው ምርመራ እንዳረጋገጠው አደጋው የደረሰው ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ነው። ሕዝቡም ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች ነበር። ከፊት የሆነ ሰው ወደቀ፤ ከኋላ የሚመጣው ቆሞ መጠበቅ አልቻለም፤ ክብደቱ የብረት መደገፊያዎቹን ሳይቀር አጎበጠ። እንግዲህ የሞቱት የተከሰሱት ቀድሞ ወጪዎች ሳይሆኑ እስከ መጨረሻው የታገሡት ነበሩ ማለት ነው።

ደረጃውስ? 13ኛ ደረጃ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነበር። ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ ይመርጠዋል። ግራና ቀኙ በእንጨት አጥር የታጠረ በመሆኑ የተጨነቀ ሰው ወደ ጎን ማምለጫ አልነበረውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ደረጃ ቀደም ሲልም አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያው ላይ 2 ሰዎች ሞተዋል፤ በ1967 እና በ1969 ደግሞ ብዙዎች ቆስለዋል። በ1974 የአንድ ሟች ባለቤት ባቀረበችው የካሣ ክስ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ያደረገው ክለቡን ነው። በ1975 ትላልቅ ስታዲየሞች የደኅንነት ምስክር ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የአይብሮክስም አብዛኛው ክፍል ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ወሬው ግን ከምርመራውም፣ ከፍርዱም፣ ከአሮጌው ስታዲየምም በላይ ዕድሜ አገኘ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ይኸው ታሪክ ሞስኮ ላይ ተደገመ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1982 በሉዥኒኪ ስታዲየም ስፓርታክ ሞስኮ ከኔዘርላንዱ ሃርለም ጋር ተጫወተ። ቀኑ በረዶ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በበረዶው ምክንያት ተመልካቹን በጥቂት ክፍል ሰበሰቡት። ስፓርታክ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ብዙ ሰው ብርዱን ሽሽት ወደ መውጫው፣ በረዶ ወደ ጋገረበት ደረጃ አመራ። በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ሰርጌይ ሽቬትሶቭ ሁለተኛውን ጎል አገባ። በደረጃው ላይ ደግሞ ሰው ወደቀ፤ በወደቀው ላይ ሌላው ወደቀ። በመንግሥት የታመነው የሟቾች ቁጥር እንደ አይብሮክስ 66 ነበር።

እዚህም ያው ወሬ ወጣ፤ «ጎሉን ሰምተው ተመለሱ» ተባለ። ከሞት የተረፉ ሰዎች ግን የተመለሰ ሳይሆን የወደቀ ሰው፣ መንቀሳቀሻ የሌለው ጠባብ መንገድ ማየታቸውን ተናግረዋል። ሽቬትሶቭ ያቺን ጎል ባላገባኋት ኖሮ እስከ ማለት ደረሰ። አንድ ወጣት ኳስ መረብ ውስጥ በመክተቱ ሲጸጸት፣ በጋዜጣ የወጣው ነገር ከጨዋታው በኋላ አደጋ መድረሱንና የተጎዱ ሰዎች መኖራቸውን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ብቻ ነበር። የሶቪየት ጋዜጦች ስለ ጉዳዩ በግልጽ የጻፉት በ1989 ነው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቦች ሐዘናቸውን በቤታቸው ይዘው ተቀመጡ።

ለመሆኑ ይህ ወሬ እንዲህ የሚጸናው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ማንንም ስለማያስከፍል ነው። ጥፋቱ የሕዝቡ ልብ መለዋወጥ ከሆነ ደረጃውን ማስፋት አያስፈልግም፤ የብረቱ በር ሁለተኛ ክንፉ ይከፈት ማለት አያስፈልግም፤ ቁልፉን የያዘው ሰው የት ነበር ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም። ሟቹ መልስ አይሰጥም። በእንግሊዝ ሒልስቦሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ለ97 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው መጨናነቅ ሲደርስ፣ ክሱ ተገልብጦ «ዘግይተው የመጡ ደጋፊዎች ናቸው» ተባለ። ደጋፊዎቹ ጥፋት የለባቸውም የሚለው ብይን የተሰማው በ2016፣ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ የወጣም፣ ዘግይቶ የመጣም፣ እስከ መጨረሻው የቆየም በየተራ ተከሷል። ደረጃው ግን ሁልጊዜ የሚከሰሰው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ አሁንም እስከ ፊሽካው እቀመጣለሁ፤ የሉቺያኖን ዓይነት ጎል ማጣት አልፈልግም። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ ሰውየው ሲነሣ ጉልበታችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ አሳልፉት። ከዚያም ዞር ብላችሁ የሚሄድበትን መውጫ እዩት፤ ስንት በር ተከፍቷል? ደረጃው መደገፊያ አለው? ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብንነሣ ይችለናል? ይህን የመጠየቂያው ጊዜ ጨዋታው ገና በሰላም እየተካሄደ ሳለ ነው።