ማኅተሙና ሥዕሉ

ማኅተምና ሥዕል የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ አንዱ የጽሕፈት ቤት፣ ሌላው የመቅደስ ንብረት ነውና። በወሎ ተራሮች ታሪክ ግን ሁለቱ ከአንድ አምባ አብረው ተማርከዋል። አምባው መቅደላ ነው፤ ቀኑም ዐፄ ቴዎድሮስ የወደቁበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። እኔ ያለሁባት አቀስታ ከመቅደላ በስተደቡብ ትገኛለችና፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይሰማኝም።

በቅድሚያ ስለ ማኅተሙ ላውጋችሁ። እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ክብ ማኅተምና ቲተር ስመታ እውላለሁ። ማኅተም ባለቤቱ በሌለበት ስለ ባለቤቱ የሚመሰክር ነገር ነው። የቴዎድሮስ ማኅተም የአንበሳ ምስል ነበረበት፤ ስማቸውና ማዕረጋቸውም በግእዝ ፊደልና በዓረብኛ ተቀርጾበታል። በነገሥታቱ ልማድ ማኅተም የሚያርፈው እንደ ዛሬው ከፊርማ ጎን ሳይሆን ከደብዳቤው ራስ ላይ ነው፤ አንባቢው ቃሉን ሳይሰማ ባለቃሉን ይወቅ ሲሉ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ግን ከዓመት በላይ መልስ አጥቶ ቆየ። ከዚያ ዝምታ ቁጣ፣ ከቁጣው እስራት፣ ከእስራቱም የእንግሊዝ ዘመቻ ተወለደ።

ሥዕሉ ደግሞ «ኵርዓተ ርእሱ» ይባላል፤ የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ነው። ሊቃውንት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በአውሮጳዊ እጅ እንደተሣለ ይናገራሉ። እንግዳ ሆኖ ግን አልቀረም፤ ግእዝ ተጻፈበት፣ የጎንደር ነገሥታት አማሉበት፣ ዘመቱበት። በ1736 ዓ.ም. በዳግማዊ ኢያሱ የስናር ዘመቻ ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል።

የሳንቃ ሥዕል ለአገራችን አዲስ አልነበረም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ሥራው እስከ ዛሬ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ይታያል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የወይራ ወይም የዋንዛ ሳንቃ ጠርበው፣ ጀሶ ከእንስሳ ሙጫ ጋር ለውሰው ይቀቡታል፤ ሲደርቅም ፍቀው ያለሰልሱታል። እንጨቱ ቀለሙን እንዳይጠጣው ነው። ያ ነጭ ልባስ ዓይን አያየውም፤ ቀለሙን ለዘመናት ተሸክሞ የሚያኖረው ግን እርሱ ነው።

ኵርዓተ ርእሱን ከንጉሡ አልጋ በላይ ከተሰቀለበት የወሰደው ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ሥዕሉና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው ጻፉ። ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። በዚያው ሰዓት ሆምስ የንግሥቲቱ የዊንድሰር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፤ ሥዕሉም በእጁ! ፎቶግራፉ ለአደባባይ የበቃው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ በሐራጅ ተሸጠ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ማኅተም ከቆባቸው ጋር ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ መለሱ። ሥዕሉ አልተመለሰም። በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፈልጎ ሲያገኘው፣ በፖርቱጋል በአንድ ባንክ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ የሙያዬ ነገር ከነከነኝ። ካዝና የሚጠብቀው ዋጋን ነው፤ ሰነድና ወርቅ በጨለማ ቢቀመጡ ዋጋቸው አይጎድልም። ሰው የሚምልበት፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያለቅስበት ሥዕል ግን ተመልካች ካጣ ምኑ ይጠበቃል? ማኅተሙ ሲመለስ የሚያትመው እጅ ካረፈ ዘጠና ሰባት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ስለዚህም ዛሬ ትዝታ ነው። ኵርዓተ ርእሱን የሚሳለሙ ከንፈሮች ግን አሁንም በየደብሩ አሉ። የተመለሰልን ሥራው ያበቃው ነው፤ ሥራ የሚጠብቀው ገና በሰው እጅ ነው።