ሜሞሪና ማሽን ሲጣጣሙ፤ በግል የሚገጣጠም ኮምፒዩተር ታሪክ

የቡሎን ጥርስና የዳዶ ጥርስ ካልገጠሙ ጉልበት መጨመር የሚያበላሸው ሁለቱንም ነው። ይህ ለመካኒክ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኮምፒዩተርን በራሱ እጅ ለሚገጣጥም ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህንኑ በዓይኑ ያየው የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክበብ ተጠሪ በነበረበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ መዋጮ አዋጥተው የመጀመሪያውን ኮምፒዩተራቸውን ሊገጣጥሙ ተነሡ። ማዘርቦርዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሜሞሪውን ከሌላ ሱቅ ገዙ። ሻጩም «ሜሞሪ ሁሉ አንድ ነው» ብሏቸው ነበር። ማዘርቦርዱ የተሠራው ለዲዲአር 4 ሲሆን የተገዛው ሜሞሪ ግን ዲዲአር 3 ነበር። አልገባ ሲል አንዱ ልጅ በኃይል ተጫነው፤ መሰኪያው ተሰነጠቀ፤ የአንድ ሴሚስተር መዋጮም በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፣ ለምን ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገው አልሠሩትም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የቴክኒክ ይምሰል እንጂ መልሱ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው።

ሀ/ የአልቴር መምጣት

እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኮምፒዩተር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት ነበር። ክፍሎቹን የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሠሪው ስለ ነበረ፣ ይገጥማል አይገጥምም የሚለው ጉዳይ ገዢውን ብዙም አያሳስበውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 1975፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም.፣ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። የሠራው በኒው ሜክሲኮ፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን መሪውም ኤድ ሮበርትስ ነበሩ። ዋጋው ሳይገጣጠም ወደ 400 ዶላር ገደማ ነበር። ገዢው ዕቃዎቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ እየበየደ ይገጣጥማቸው ነበር።

የአልቴር ፕሮሰሰር ኢንቴል 8080 እስከ 65,536 ባይት ሜሞሪ ማዘዝ ይችል ነበር። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ሜሞሪ ግን 256 ባይት ብቻ ነበር፤ ይህም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። የቁልፍ ሰሌዳም ሆነ ስክሪን አልነበረውም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በፊቱ ላይ በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ መልሱም የሚነበበው በትናንሽ መብራቶች ነበር። ስለዚህ የባለቤቱ ሁሉ የመጀመሪያ ሐሳብ ተጨማሪ ሜሞሪ ማግኘት ሆነ።

ለ/ የሚያንጠባጥበው እንስራ

ሜሞሪ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ይህ እያንዳንዱን ቁጥር በትንሽ ካፓሲተር ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ሙሉ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ የሚያንጠባጥብ እንስራ እንደሚሞላ ሁሉ፣ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ መታደስ አለበት። ሁለተኛው ስታቲክ የሚባለው ነው። ይህ እንደ በር መቀርቀሪያ ነው፤ መብራት እስካልተቋረጠ ድረስ በተተወበት ይቆያል። ዳይናሚኩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የማደሱ ሥራ በትክክል ካልተከናወነ የያዘውን ሁሉ ይረሳል።

ሚትስ ያቀረበው ባለ 4,096 ባይት ካርድ ዳይናሚክ ነበር፤ ብዙዎቹም በሚገባ አልሠሩም። በአንጻሩ ቢል ጌትስና ፖል አለን ያዘጋጁት የቤዚክ ቋንቋ ያለዚያ መጠን ሜሞሪ አይሠራም ነበር። ሚትስ ቤዚክን ካርዱን ለሚገዛ በዝቅተኛ ዋጋ ሲሰጥ፣ ለብቻው ለሚፈልግ ግን ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያደርገው ነበር። በዚህ መካከል ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ የተባለው የቦብ ማርሽ ኩባንያ በዚያው መሰኪያ የሚገባ ስታቲክ ካርድ ሠርቶ አቀረበ። ብዙ ሰዎች ካርዱን ከዚህ እየገዙ ቤዚክን ከጓደኛ ይቀዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ቢል ጌትስ ለእነዚሁ ሰዎች የጻፉት የታወቀው የተቃውሞ ደብዳቤ የመጣው ከዚህ ነው።

ሐ/ ልክ የሌለው መሰኪያ

የአልቴር መሰኪያ ባለ 100 ፒን ስለ ነበረ ኋላ ኤስ-100 ተባለ። ሌሎች ኩባንያዎች በዚያው መጠን ካርድ መሥራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱን ፒን ተግባር የሚወስን የጋራ ስምምነት አልነበረም። አንዱ ኩባንያ ባዶ ያገኘውን ፒን ለአንድ ሥራ፣ ሌላው ለሌላ ሥራ ያውለው ነበር። ስለሆነም ሁለት ካርዶች መሰኪያው ውስጥ በሚገባ ቢገቡም አብረው ላይሠሩ ይችሉ ነበር። ካርድ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ የኃይል ሰጪው አቅም ያንስ ነበር።

መፍትሔ የተፈለገው በመመካከር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፣ በሜንሎ ፓርክ፣ በአንድ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ የተጀመረው የሆምብሩ ኮምፒዩተር ክበብ አባላት የቱ ካርድ ከየቱ ጋር እንደሚሠራ ይነጋገሩ ነበር። ኤስ-100 በመደበኛ ደረጃ የጸደቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዚያን ጊዜ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ያወጣው ኮምፒዩተር ገበያውን መያዝ ጀምሮ ነበር። አይቢኤም የመሣሪያውን የውስጥ አሠራር በመጽሐፍ ስላሳተመ ሌሎች ኩባንያዎች የሚገጥም ካርድ ለመሥራት ቻሉ።

መ/ ለልጁ የሚሰጠው መልስ

ዛሬ የሜሞሪን ልክ የሚወስነው ጄዴክ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ነው። ዲዲአር 3 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር 4 በ2012፣ ዲዲአር 5 በ2020 ጸደቁ። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት፣ ዲዲአር 5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ። ሜሞሪው እየፈጠነ፣ የሚፈልገውም ቮልት እየቀነሰ ስለሚሄድ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም። የፒን ቁጥርም ብቻውን አያስተማምንም፤ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ሁለቱም ባለ 288 ፒን ናቸው። በሜሞሪው ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋን የምትቀይረው ሆን ተብሎ ነው፤ «እዚህ አይደለም» የምትል ምልክት ናት። ልጁ በኃይል የተጫነው ይህችን ማስጠንቀቂያ ነበር።

ስለዚህ ጀማሪ ገጣጣሚ አስቀድሞ ፕሮሰሰሩን ይምረጥ፤ ቀጥሎ ያንን ፕሮሰሰር የሚቀበል ማዘርቦርድ ይፈልግ፤ የሜሞሪውን ዓይነትና ከፍተኛ መጠን ከማዘርቦርዱ መመሪያ ያንብብ። የላፕቶፕ ሜሞሪ አጭር ስለሆነ በዴስክቶፕ ላይ አይገባም። ከሰርቨር የወጣ ሬጂስተርድ ሜሞሪም ርካሽ ሆኖ ቢገኝ በተራ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ሜሞሪዎች አብረው ሲሠሩ በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። በመጨረሻም የኃይል ሰጪው አቅም ለሁሉም መብቃቱ ይመርመር።

የተሰነጠቀው ማዘርቦርድ አልተጣለም፤ በክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማስተማሪያ መርጃ ሆነ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሜሞሪ ለመግዛት መመሪያውን ይዞ የሄደው ያው ልጅ ነበር።

ለክፍል ውይይት፦
1. አንድ መሰኪያ መግጠሙ ብቻ አብሮ ለመሥራት የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. አይቢኤም አሠራሩን ባያሳትም ኖሮ ገጣጣሚዎች ምን ይገጥማቸው ነበር?