የደኅንነት ምልክትና የፋብሪካ ፍተሻ፦ ማረጋገጫው ምን ያህል ያረጋግጣል?

በስልክ ቻርጀር ጀርባ፣ በውኃ ማፍያ ሥር ወይም በሕፃናት መጫወቻ ላይ የታተሙትን ጥቃቅን ምልክቶች ልብ ብሎ የሚያይ ሸማች ጥቂት ነው። የሚያየውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ «ይህ ዕቃ ተፈትሿል» ብሎ ይተረጉማቸዋል። በእርግጥ የተፈተሸው ግን ናሙናው ነው። ሸማቹ እጅ የገባው ዕቃ ከዚያ ናሙና ጋር አንድ ስለመሆኑ ዋስትና የሚገኘው ፋብሪካው ድረስ ከሚሄደው ተቆጣጣሪ ነው። በመሆኑም የምልክቱ ክብደት የሚለካው ተቆጣጣሪው መቼና እንዴት እንደሚሄድ በማየት ነው።

በአሜሪካ በስፋት የሚታወቀው የ«ዩኤል» ምልክት መነሻው የእሳት ስጋት ነበር። በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ያስተናገደችው የዓለም ኤግዚቢሽን በኤሌክትሪክ መብራት ተንቆጥቁጦ ነበር። ሥጋት ያደረባቸው የመድን ድርጅቶች ዊሊያም ሄንሪ ሜሪል የተባለ ወጣት መሐንዲስ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን እንዲመረምር አደረጉ። ሜሪል በማግሥቱ ዓመት ያቋቋመው ቤተ ሙከራ ዛሬ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ሆኗል። የግል ተቋም እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ኢንተርቴክን የመሳሰሉ ተፎካካሪዎችም በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ዕውቅና አግኝተው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ተቆጣጣሪው በር ላይ ሲደርስ

በአሜሪካ የእንጀራ ምጣድ አምርቶ መሸጥ የሚሻ ሰው ለአብነት ይወሰድ። የፌዴራሉ ሕግ በጥቅሉ እያንዳንዱ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይህን ምልክት እንዲይዝ አያስገድድም። ትልልቅ መደብሮች ግን ያለ ምልክት አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ፤ ምጣዱ ለምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ የአካባቢው ተቆጣጣሪ ምልክቱን መጠየቁ የተለመደ ነው።

አምራቹ ናሙናዎችን ለቤተ ሙከራው ይልካል። ናሙናው ፈተናውን ካለፈ የምጣዱን ዝርዝር የያዘ ሰነድ ይዘጋጃል፦ የሽቦው ውፍረት፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው ሠሪና የሞዴል ቁጥር፣ እጀታው የተሠራበት ፕላስቲክ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪው ቀን ሳያስታውቅ ፋብሪካው ድረስ ይመጣል፤ በዩኤል አሠራር ይህ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አራት ጊዜ ነው። አምራቹ በሩን እንዲከፍትለት በውሉ ይገደዳል። ተቆጣጣሪው ከማምረቻው መስመር አንድ ምጣድ አንስቶ ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ በማምረቻው ውስጥ መደረግ ያለባቸው የኤሌክትሪክ ሙከራዎች መደረጋቸውን፣ የመለኪያ መሣሪያዎቹም ትክክለኛነት በጊዜው መረጋገጡን ያያል።

የተገኘ ጉድለት ሁሉ ተንኮል አይደለም። የተለመደው አቅራቢ ሲዘገይ የግዢ ሠራተኛው ተመሳሳይ የሚመስል የሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ለተቆጣጣሪው ግን «ተመሳሳይ የሚመስል» የሚባል ነገር የለም፤ በሰነዱ ላይ ያልሰፈረ ክፍል ያልተፈተነ ክፍል ነው። አምራቹ ዕቃውን ያርማል፣ ምልክቱን ከዕቃው ላይ ያነሣል ወይም አዲሱ ክፍል እንዲመረመርለት ያመለክታል። ለውጡን አስቀድሞ ማሳወቅ ከሁሉም ይረክሳል። ለሙከራውም ሆነ ለጉብኝቱ የሚከፍለው አምራቹ ራሱ ነውና፣ የጠቅላላው ሥርዓት ትልቁ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ፍተሻ

በአውሮፓ የ«ሲኢ» ምልክት ለብዙ ዓይነት ዕቃዎች አምራቹ ራሱ በኃላፊነቱ የሚለጥፈው ነው። አደጋቸው ከፍ ላሉ ምርቶች ግን መንግሥታት የሰየሙት ሦስተኛ ወገን ጣልቃ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከምልክቱ ጎን የተቋሙ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይታያል። ጡት ውስጥ የሚቀበሩ የሲሊኮን ከረጢቶች ከእነዚህ ምርቶች መካከል ናቸው።

ፒአይፒ የተባለው ኩባንያ እነዚህን ከረጢቶች በደቡብ ፈረንሳይ፣ በላ ሴይን ሱር ሜር ከተማ ያመርት ነበር። አሠራሩን እየመረመረ ማረጋገጫ የሚሰጠው የጀርመኑ ቲዩፍ ራይንላንድ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መዝገብ እንደሚያሳየው ተቋሙ ከኅዳር 1998 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ፋብሪካውን ስምንት ጊዜ ጎብኝቷል። ስምንቱም ጉብኝቶች አስቀድመው የተነገሩ ነበሩ። ኩባንያው በበኩሉ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይጠቀም ነበር፤ እንግዶቹ ሲመጡ ማስረጃው ከፊታቸው ዞር ይደረግ ነበር።

በ2000 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚያው ፋብሪካ ባደረገው ፍተሻ በርካታ የአመራረት ጉድለቶችን አግኝቶ ለኩባንያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጉዳዩ የጨው ውኃ የሚሞሉትን ከረጢቶች የሚመለከት ስለነበር የሲሊኮኑን ምሥጢር አላጋለጠም። ማጭበርበሩ የተደረሰበት የፈረንሳይ የጤና ተቆጣጣሪዎች በመጋቢት 2010 ፋብሪካውን ሲፈትሹ ነው። እስከዚያ ድረስ ከረጢቶቹ በመላው ዓለም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አካል ውስጥ ገብተው ነበር። በታኅሣሥ 2011 የፈረንሳይ መንግሥት በአገሪቱ ለሚገኙ 30 ሺህ ያህል ሴቶች ከረጢቶቹን እንዲያስወጡ መክሯል። የኩባንያው መሥራች ዣን ክሎድ ማስ በ2013 የአራት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ በ2019 ሞተዋል።

ማረጋገጫ ሰጪውስ? ቲዩፍ ራይንላንድ እኔም ተታልያለሁ ሲል ቆይቷል። አንዲት ጀርመናዊት ያቀረቡትን ክስ ተከትሎ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በየካቲት 2017 በሰጠው ውሳኔ፣ እንዲህ ያለ ተቋም በወቅቱ በነበረው ሕግ ድንገተኛ ፍተሻ የማድረግ፣ ምርቱን ራሱን ወይም የንግድ ሰነዶችን የመመርመር አጠቃላይ ግዴታ የለበትም አለ። ምርቱ ከሚፈለገው ደረጃ በታች ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ነገር ካየ ግን አስፈላጊውን ሁሉ ማድረግ አለበት ሲል አክሏል። የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በበኩሉ በግንቦት 2021 ተቋሙን በቸልተኝነት ተጠያቂ አድርጓል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ያወጣውና ከግንቦት 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ፣ ከዓመታዊው ምርመራ በተጨማሪ ቢያንስ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ድንገተኛ ፍተሻ እንዲደረግ ያዝዛል። መሻሻል መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ለአንድ ምጣድ በዓመት አራት ድንገተኛ ጉብኝት በተለመደበት ዓለም፣ ሰውነት ውስጥ ለሚቀበር ዕቃ በአምስት ዓመት አንዱ ብዙ የሚባል አይደለም።

ሸማቹ ምን ማድረግ ይችላል?

ምልክት ማተም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ማየት አይበቃም። ዩኤል ማረጋገጫ የሰጣቸውን አምራቾችና ምርቶች ዝርዝር የያዘ የመረጃ ቋት በድረ ገጹ አለው። የአውሮፓ ኮሚሽንም ከባለ አራት አኃዙ ቁጥር ጀርባ ያለው ተቋም ማን እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ያወጣል። በማኅበራዊ ሚዲያ ተደጋግሞ የሚነገረው «ፊደሎቹ ከተጠጋጉ ቻይና ለውጭ ገበያ ያመረተችው ማለት ነው» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ እንዲህ ያለ ምልክት መኖሩን እንደማያውቅ ኮሚሽኑ ገልጿል። የተዛባ የፊደል አጣጣል የሚጠቁመው ምልክቱ በደንቡ መሠረት አለመታተሙን ነው።

ለቤተሰብ ዕቃ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያዩ ይገባል። ማረጋገጫው የሚሠራው በዕቃው ላይ ለተጻፈው የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ነው። በአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ተብሎ የተፈተነ ዕቃ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በሆነው የኢትዮጵያ መሥመር ላይ ሲሰካ፣ ምልክቱ ስለ ደኅንነቱ የሚናገረው ነገር የለም።