የተተከለው ሴል እንዲይዝ፦ የጉልበት ልም አጥንት ሕክምና ታሪክ



«ልም አጥንትህ አልቋል ተባልኩ፤ ውጭ ሀገር አዲስ ሴል ይተክላሉ አሉ፣ ልሂድ ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ጫፉን የሚሸፍን ለስላሳ አካል ነው። የደም ሥር ስለሌለው ሲጎዳ እንደ ቆዳ ቁስል ጠግጎ አይድንም። ሐኪሙ ዊልያም ሃንተር ይህንን ለንደን ውስጥ በ1743 ጽፎታል።

በ1987 በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ላርስ ፒተርሰን እና ባልደረቦቹ አዲስ መንገድ ጀመሩ። ከታካሚው ጉልበት ጤነኛ ክፍል ትንሽ ልም አጥንት ወስደው፣ ሴሎቹን በላቦራቶሪ አባዝተው መልሰው ተከሉ። ችግሩ ሴሎቹ በፈሳሽ ውስጥ ስለሆኑ ከቦታቸው መፍሰሳቸው ነው። ስለዚህ ከቅልጥም አጥንት ላይ ስስ ሽፋን ገፈው ቀዳዳው ላይ ሰፉና ሴሎቹን ከሥሩ ወጉ።

የ23 ታካሚዎች ውጤት በ1994 ታተመ። ጉዳቱ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ከነበረባቸው 16 ሰዎች 14ቱ ጥሩ ውጤት አገኙ፤ የጉልበት ሎሚ ላይ ከነበረባቸው 7 ግን 2 ብቻ። የተሰፋው ሽፋንም በአንዳንዶቹ ከልክ በላይ እያደገ ሌላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገ።

ቀጥሎ ሴሎቹን ከአሳማ ኮላጅን በተሠራ ስስ ጨርቅ መሰል ነገር ላይ አሳድጎ፣ ደምን በሚያረጋው ፋይብሪን ማጣበቅ መጣ። አሜሪካ ይህን በ2016 ፈቀደች። ሆኖም ከባድ ኦስቲዮአርትራይተስ ላለበት ጉልበት እንዳይሰጥ በመመሪያው ላይ ተጽፏል።

ለምን? ጤነኛ ግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል፤ ግድግዳው ራሱ እየተፈረፈረ ከሆነ ግን ልስኑ አይይዝም። በኦስቲዮአርትራይተስ መላው መገጣጠሚያ ታሟል፤ በዙሪያው ያለው ልም አጥንት ሳስቷል፣ ብግነቱም አዲሱን ሴል ይጎዳል።

ስለዚህ ንብረት ሸጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፦
✅ ጉዳቴ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ መላው መገጣጠሚያ?
✅ ሴሉ ከየት ይወሰዳል? በምንስ ይያያዛል?

መላው መገጣጠሚያ ከሆነ ክብደት መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና የሕመም ማስታገሻ ይረዳሉ፤ ሲብስ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት አለ።

ወላጆች፦ ልጃችሁ ኳስ ሲጫወት ተጎድቶ ጉልበቱ ካበጠ ወይም አልታጠፍ ካለ ቶሎ አሳዩት። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ነው የሚደፈነው።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። መልካም ጤና!